የእሜቴ ልክ

ሚዛን አይዋሽም ባይ ነበረች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከሲሚንቶ መጋዘኑ በር አጠገብ ካለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጣ ከባድ መኪና ስትመዝን የኖረች ሴት ሌላ ምን ልትል ኖሯል? መኪናው የብረቱ ወለል ላይ ይወጣል፣ ቁጥሩ ይወዛወዛል፣ ይረጋል፣ እሷ ትጽፋለች። ሾፌሩ ቢያለቃቅስም፣ ቢቀልድም፣ ቢቆጣም ቁጥሩ ያው ነው። ሾፌሮቹ ስሟን ትተው ባለሚዛኗ ይሏታል። በር ላይ ሲገናኙም «ባለሚዛኗ ዛሬ እንዴት አድራለች?» ይባባላሉ፣ ቁጣዋን አስቀድመው ለመመዘን።

ቤቷ ስትገባ ግን ሚዛን ላይ የማይወጣ ነገር ይጠብቃት ነበር። አባቷ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ሥር ካለው ባለመደገፊያ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ከድነው፣ ባቡር ይነዳሉ። ቀኝ እጃቸው የወንበሩን ክንድ ጨብጦ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ይስባል፤ ከንፈራቸው ሹ… ሹ… ይላል። ያን ሰሞን ከተማው ጉም በጉም ነበር። ጉሙ መስኮቱ ላይ መጥቶ ሲለጠፍ ክፍሉ ራሱ ወንበሩን፣ አልጋውን፣ ግድግዳ ላይ ያለውን የእናቷን ፎቶግራፍ ይዞ ዝግ ብሎ የሚሄድ ይመስላል። እጃቸው የወንበሩ ክንድ መካከል ላይ ሲደርስ ግን ይቆማል። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ነው። ጣቶቻቸው ይንቀጠቀጣሉ፣ ከዚያ ይነቃሉ።

«የት ደረሱ አባባ?» ትላቸዋለች።

«የት እደርሳለሁ፣ ያው ግማሽ ዳገት ነዋ!» ብለው ይስቃሉ።

ግማሽ ዳገት ቅጽል ስማቸው ነው። የዛሬ ሃምሳ ሰባት ዓመት እሜቴ የምትባለውን የእንፋሎት ባቡር የሚነዱ ጎልማሳ ነበሩ። እሜቴ የተባለችው ካልለመኗት አልነሳም ስለምትል ነው፤ ከተነሳች በኋላ ግን እሷን የሚያክል አልነበረም። አንድ ጉም የዋጠው ቀን እሜቴ ፉርጎዎቿን እንደጎተተች ትልቁ ዳገት መካከል ላይ ቀረች። መንኮራኩሮቿ ባሉበት ተሽከረከሩ፣ ባቡሩ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፣ መጨረሻ ላይ የነበሩት ሁለት ፉርጎዎች ከሐዲድ ወጡ። በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም፤ መስመሩ ግን ሁለት ቀን ተዘጋ። አጣሪዎች ከዋናው ቢሮ መጥተው ነጂውን ጠየቁት። ነጂው «መንደርደሪያው ላይ እንቅልፍ ጣለኝና ፍጥነት አልሰጠኋትም» አለ። በቃ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዋናውን መስመር አልነዱም፤ እስከ ጡረታቸው ድረስ በጣቢያው ግቢ ውስጥ ፉርጎ ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው ሲያመላልሱ ኖሩ። ስሙ ለልጅም ተረፈ። ትምህርት ቤት ሳለች አንድ ሒሳብ ጀምራ ካልጨረሰች ከኋላ «የግማሽ ዳገት ልጅ!» የሚል ድምፅ አይጠፋም ነበር። ምናልባት ቁጥር የማይነቃነቅበት ሥራ የመረጠችው ለዚህ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን ከልጅነቷ ጀምሮ አልገባትም። አባቷ በሚሄድ ነገር ላይ ተኝተው አያውቁም። ስምንት ሰዓት በሚፈጅ የአውቶቡስ ጉዞ ሌላው ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተደጋግፎ ሲያንኮራፋ እሳቸው ዓይናቸውን አፍጥጠው የሾፌሩን እጅ ያያሉ። በወንበራቸው ላይ የሚያንቀላፉት ወንበሩ ስለማይሄድ ነው።

እንግዲህ ነገሩ የተነሳው ከአንድ ደብዳቤ ነው። አሮጌው የባቡር ማደሪያ ለጎብኚ ሊከፈት ነው፤ እሜቴ ተጠርጋ፣ ተቀብታ ልትቆም ነው፤ በሕይወት የቀሩት ብቸኛ ነጂዋም ቅዳሜ ጠዋት የክብር እንግዳ ሆነው እንዲገኙ ተጋብዘዋል። አባቷ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አስነበቧት። ከዚያ ጫማቸውን አስወለወሉና በሩ አጠገብ አስቀመጡት፣ ቅዳሜ መንገድ እንዳይስት ይመስል።

ሰኞ በምሳ ሰዓት የማደሪያው መወጣጫ ለሽማግሌ የሚመች መሆኑን ልታይ ሄደች። እሜቴ ጥቁር ሆና፣ አብረቅርቃ፣ ጉሙ ውስጥ ቆማለች። አጠገቧ ግድግዳ ተደግፎ አንድ ሰሌዳ አለ፤ በእርሳስ ተነድፏል፣ ቀለም ግን ገና ነው። አነበበችው። «እሜቴ። የጉተታ ልኳ በዳገቱ ላይ 650 ቶን። በነጂዋ እንቅልፍ ምክንያት ግማሽ ዳገት ላይ የቀረች።»

አባቷ ከመኪና ወርደው፣ ክራቫታቸውን አስተካክለው፣ በሰው ፊት ይህን ሲያነቡ ታያት።

መዝገብ ያዡ ከጽሕፈት ቤቱ ወጣ። እርሳስ ጆሮው ላይ የሰካ፣ ቀጭን፣ ትሑት ሰው ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ መዝገብ ያዡ ሞኝ አልነበረም፣ ወረቀት ግን ነበር።

«ወንድሜ፣ ይህን ልትሰቅለው ነው?» አለችው።

«ቅዳሜ ጠዋት እትዬ።»

«ነጂው እኮ አባቴ ናቸው። ቅዳሜ ይመጣሉ። ማንበብም ይችላሉ።»

ሰውየው ደነገጠ፤ እርሳሱን ከጆሮው አወረደና መልሶ ሰካው። «እኔ ከራሴ አላመጣሁትም እትዬ። የአጣሪዎቹ ወረቀት ነው እንዲህ የሚለው። ወረቀት ደግሞ የሚሻረው በወረቀት ነው። እስከ ዓርብ ሌላ ወረቀት ካገኙልኝ እኔው በእጄ አጠፋዋለሁ።»

«ከየት ነው የማገኘው?»

በአገጩ ጠቆማት። ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ባለው ክፍል ውስጥ እስከ ጣሪያ የተደረደሩ ካርቶኖች ነበሩ።

ያልወሰደችው የዕረፍት ፈቃድ ነበራት፤ ሳምንቱን ወሰደች። ለአባቷ ምንም አልነገረችም። ማክሰኞ ከካርቶኖቹ መካከል ቁጭ አለች። ክፍሉ የአሮጌ ቅባትና የወረቀት ሽታ አለው፤ የመስኮቱ መስታወት ጥላሸት ስለጠጣ ብርሃኑ እንደ ሻይ ቀልቶ ነው የሚገባው። መጀመሪያ እጇ የገባው የጉተታ ልክ ሰንጠረዥ የተባለ ሰፊ ወረቀት ነበር። እያንዳንዷ ባቡር በየመንገዱ ስንት ቶን እንድትጎትት እንደተፈቀደላት ይናገራል። እሜቴ በሜዳው ላይ ሁለት ሺህ ቶን ትችላለች። ወንዙን አልፎ ባለው ትንሽ አቀበት አንድ ሺህ አንድ መቶ። በትልቁ ዳገት ስድስት መቶ ሃምሳ። መንገዱ ላይ አንድ ክፉ ዳገት ካለ የመንገዱ ሁሉ ልክ የሚወሰነው በዚያ በአንዱ ነው፤ ሌላው ሜዳ ቢሆን ዋጋ የለውም። ባለሚዛኗ ይህን ስታነብ ዘመኗን ሁሉ ያልጠረጠረችው ነገር ገባት። እሷ ዘንድ የሚመዘነው መኪናው ብቻ ነበር። እዚህ ግን ዳገቱም ይመዘናል፣ መታጠፊያውም፣ ውርጩም። ልክ የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ ደጋግማ አነበበችው፤ ሲደጋገም ትርጉሙ ጠፍቶ ዜማ ብቻ ሆነባት።

ወደ ማታ ገደማ የዚያን ቀን የጭነት ወረቀት አገኘች። በጥሩ እጅ የተጻፈች አንዲት ገጽ ናት። 42 ባዶ ፉርጎ፣ እያንዳንዱ 13 ቶን፣ 546። ከኋላ የሚቀጠለው የባቡሩ ጠባቂ ፉርጎ 20። ድምር 566።

አምስት መቶ ስድሳ ስድስት። ከልኳ በሰማንያ አራት ቶን ያንሳል። እሜቴ እየዘፈነች መውጣት ነበረባት። ሁለት ጊዜ ደመረችው፤ ድምሩ አልተነቃነቀም። ሃያ ስድስት ዓመት አይዋሽም ስትለው የኖረችው ሚዛን አሁን በአባቷ ላይ መሰከረ።

ቤት ስትገባ አባቷ መስኮቱ ሥር ነበሩ፣ እጃቸው ወደ ኋላ እየሳበ። አጠገባቸው ተቀመጠችና በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣቻቸው፣ በሆዷ። እንግዲያው ተኝተው ኖሯል? ያ ሁሉ ስድብ፣ ያ ሁሉ የግቢ ውስጥ ምልልስ ለአንድ ማንጎላቸት ነው? ተቆጥታ ሳለች ድካሙ ጣላትና እሷም አንቀላፋች። በሕልሟ ባዶ ፉርጎዎች ሚዛኗ ላይ አንድ በአንድ ይወጣሉ። በራቸው ክፍት ነው፣ ውስጣቸው ጉም ብቻ ነው፤ ቁጥሩ ግን ይጨምራል፣ ይጨምራል፣ መርጋት እምቢ ይላል። ልትጽፍ ብዕሯን ስታነሳ ድምፅ ሰማች።

«ባዶ ይከብዳል… አሸዋ ጨምር… ባዶ ይከብዳል።»

ነቃች። የሚናገሩት አባቷ ናቸው፣ ዓይናቸው ተከድኖ።

«ባዶ እንዴት ነው የሚከብደው አባባ?» አለች ቀስ ብላ፣ ሕልሙን ላለማስደንገጥ።

«አሥራ ሁለት ሙሉ ፉርጎና አርባ ሁለት ባዶ ፉርጎ ሚዛን ላይ ሲወጡ እኩል ናቸው» አሉ። ድምፃቸው የወጣት ነበር። «ሐዲድ ላይ ግን እኩል አይደሉም። አሥራ ሁለቱ ዘጠና ስድስት መንኮራኩር ነው ያላቸው። አርባ ሁለቱ ሦስት መቶ ሠላሳ ስድስት። እያንዳንዱ መንኮራኩር የራሱ ቅባት አለው፤ ቅባቱ ይይዛል። መታጠፊያ ላይ ከሐዲዱ ጋር ይፋተጋል። ነፋሱ ደግሞ ባዶውን ሳጥን ይገፋል። ስለዚህ ለየፉርጎው አምስት አምስት ቶን ትጨምሪያለሽ። ሙሉም ይሁን ባዶ ትጨምሪያለሽ።»

«የት ነው የተጻፈው?»

«ገጹን ገልብጪዋ!»

ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡ። «ምን አልሽ ልጄ?»

«ምንም አላልኩ አባባ።»

አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይላሉ። አባቷ አውቀው ይተኙ ወይስ ተኝተው ይወቁ፣ እሷ እንኳን እስካሁን መለየት አልቻለችም።

ረቡዕ ጠዋት ካርቶኖቹ ዘንድ በሩጫ ደረሰች። የጉተታ ልክ ሰንጠረዡን አነሳችና ገለበጠችው። ከጀርባው ከታች፣ በደቃቅ ፊደል፣ ሁለት መስመር ነበረች። ለእያንዳንዱ ፉርጎ፣ ሙሉም ይሁን ባዶ፣ አምስት ቶን በድምሩ ላይ ይታሰብ ይላል። አርባ ሁለት ፉርጎና የጠባቂው አንድ፣ አርባ ሦስት። በአምስት ሲባዛ ሁለት መቶ አሥራ አምስት። በአምስት መቶ ስድሳ ስድስቱ ላይ ሲጨመር ሰባት መቶ ሰማንያ አንድ። አባቷን ከልክ በላይ መቶ ሠላሳ አንድ ቶን አስጭነዋቸው ነበር። ስምንት ፉርጎ ጣቢያው ግቢ ውስጥ መቅረት ነበረበት።

ብቻዋን ክፍሉ ውስጥ እልል ልትል ምንም አልቀራት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ሃምሳ ሰባት ዓመት ቢያድርም ጠራ። በየቀኑ የሚወጡት ሙሉ ፉርጎዎች ስለሆኑና ሙሉ ፉርጎ በቁጥር ጥቂት ስለሆነ የጎደለችው አምስት አምስት ቶን አትታይም ነበር። ያን ቀን ብቻ ከዳገቱ በላይ ያለው ጣቢያ ባዶ ፉርጎ ፈለገ፣ ባዶ ፉርጎ ተላከ፣ ደማሪው ገጹን ሳይገለብጥ ደመረ። አጣሪዎቹም አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ የእሜቴን ነጂ ይዘው ተመለሱ። ሙሉ ዘመናቸውን የበላባቸው የአንድ ጸሐፊ ስንፍና ነው! ደሟ ፈላ።

«ይህን የደመረ እጅ ቁርጥማት ይያዘው!» አለች ጮክ ብላ። የጭነት ወረቀቱንም በንዴት ገለበጠችው።

ከጀርባው የእርሳስ ጽሑፍ ነበር፤ ደብዝዟል፣ ግን ይነበባል። 43 × 5 = 215። 566 + 215 = 781። ከሥሩ ቀን አለ፤ ባቡሩ ዳገት ላይ የቀረበት ማግስት ነው። ሌላ አንድ ቃል የለም።

አራቷን አየቻት። ከላይ ክፍት የሆነች፣ እግሯ ከታች ወደ ፊት ታጥፎ ጫማ ያደረገ የሚመስል አራት። ገልብጣ የፊቱን ገጽ አየች፤ በጥሩ እጅ ከተጻፈው 42 ላይ ያችው አራት ጫማዋን አድርጋ ቆማለች። ከዚያ ራሷ አሁን ቁራጭ ወረቀት ላይ ያሰላችውን አየች፣ ያችው አራት። ስድስት ዓመቷ ሳለ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብላ እጇን ይዛ ያጻፈቻት እናቷ ናት። «አራት ጫማ ታደርጋለች የኔ ቆንጆ፤ ባዶ እግሯን እንዳትልኪያት» ትላት ነበር።

እናቷ ከማግባቷ በፊት ባቡር ጣቢያ ትሠራ ነበር። ትኬት ቤት ነው ይባል ነበር። ካረፈች ሦስት ዓመቷ ነው። በመጨረሻ ዘመኗ ጣቶቿ በቁርጥማት ተጣመው ማንኪያ መያዝ አቅቷት ባለሚዛኗ ነበረች በየማታው ቅባት የምታሻት። ያወረደችው እርግማን ክፍሉ ውስጥ ቆሞ አያት። ወረቀቱን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ከካርቶኖቹ መካከል እንደተቀመጠች፣ እስኪወጣላት አለቀሰች።

ሐሙስ ከሰዓት አባቷ እጃቸውን ወደ ኋላ መሳብ ከመጀመራቸው በፊት ወንበሯን አስጠግታ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«አባባ፣ ሰባት መቶ ሰማንያ አንድ» አለች።

ጉሙ መስታወቱን ሞልቶት ነበር።

«ማን ነገረሽ?»

«እርስዎ ነዎት፣ ተኝተው። ገጹን ገልብጪዋ አሉኝ።» እስካሁን ለእሷ የተናገሩ መስሏት ነበር። ለማን እንደሆነ የገባት ይህን ስትል ነው።

አባቷ አንገታቸውን ነቀነቁ። «እናትሽ ከትኬት ቤት ወደ ጭነት ክፍል ከተዛወረች ገና ሦስት ሳምንቷ ነበር። በመስኮት ወረቀቱን ስትሰጠኝ መጀመሪያ ያየሁት ያቺን ባለጫማ አራት ነው። ሳቅሁ። እሷም ምን ያስቅሃል ብላ ሳቀች። ከዚያ ድምሩን አየሁት።»

«አውቀዋል ማለት ነው?»

«ሰንጠረዡን እኮ ከእነጀርባው በቃሌ ነበር የማውቀው። ደግሞ ስንነሳ ማያያዣዎቹ ቃ፣ ቃ፣ ቃ ሲሉ አርባ ሁለቱንም ቆጥሬያቸዋለሁ። ወረቀቱን መመለስ እችል ነበር። ግን የሚመለሰው በቀይ ቀለም ምክንያቱ ተጽፎ ነው፤ ቀዩ ወረቀት ደግሞ በቀጥታ አለቃው ዘንድ ነው የሚሄደው። የሦስት ሳምንት ሠራተኛ በዚያው ትሰናበታለች። ኪሴ ከተትኩት። እሜቴን አምኜ።» ፈገግ አሉ። «ሐዲዱ በጉም ረጥቦ ነበር። መንኮራኩሯ እንዳይንሸራተት ሐዲዱ ላይ የምንረጨው አሸዋ አለቀብን። እንጂማ…»

«እንጂማ ምን? መቶ ሠላሳ አንድ ቶን ትርፍ እኮ ነው አባባ!»

«ሰው ሲወድ ሰንጠረዥ አያይም። ጥፋቱ የእኔም ነው ልጄ፤ አውቄ ነው የወጣሁት። በማግስቱ መጣችና እናገራለሁ አለችኝ። ቀድሜሻለሁ፣ ተኝቼ ነበር ብያለሁ አልኳት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አገባችኝ!» ሳቃቸው መሃል ላይ ተሰበረ። «ዝም አይነቅዝም ብለን ዝም አልን። ሃምሳ አራት ዓመት አብረን ስንኖር አንድም ቀን አላነሳነውም።»

«እሷ ግን ዝም አላለችም» አለች ባለሚዛኗ። «በማግስቱ ወረቀቱ ጀርባ ላይ በእርሳስ ደምራዋለች። ቀንም ጽፋበታለች።»

ይህን አያውቁም ነበር። ቀኝ እጃቸው የወንበሩን ክንድ ጨበጠ። «ጽፋዋለች?» አሉ። «አንዴ ከወሰነች ማን ያቆማታል?» ግድግዳ ላይ ወዳለው ፎቶግራፍ ዞሩ፣ እንባቸውንም አላበሱትም። ሃምሳ አራት ዓመት ብቻዬን ተሸክሜዋለሁ ያሉትን ነገር ሌላም ሰው ከወዲያ በኩል ይዞት ኖሯል።

ስለ ሰሌዳው ነገረቻቸው። አንድ በአንድ፣ ምንም ሳትደብቅ።

«ተዪው» አሉ። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። እኔ ራሴ ገና ከመቃብር በላይ ነኝ፣ ስሜን እሸከማለሁ። የእሷን ማን ይሸከምላታል? ቅዳሜ ታሟል በያቸው። አልሄድም።»

በሩ አጠገብ የተወለወለው ጫማ ነበር። ባለሚዛኗ ጫማውን አየችው።

ዓርብ ጠዋት መዝገብ ያዡ ፊት ሁለት ወረቀት ዘረጋች፤ የሰንጠረዡን ጀርባና የጭነት ወረቀቱን ጀርባ። በሦስተኛ ወረቀት፣ ሰሌዳው ላይ እንዲጻፍ የምትፈልገውን በራሷ እጅ ጽፋ አጠገባቸው አኖረች። ሰውየው እርሳሱን ይዞ ደመረ። እንደገና ደመረ። ከዚያ ዓይኑ ከእርሳሱ አራት ወደ እሷ አራት ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ።

«ይህች አራት…» ብሎ ጀመረ።

ባለሚዛኗ ዓይኗን ከእርሳሱ ላይ አልነቀለችም።

መዝገብ ያዡ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ። «ቁጥሩ ልክ ነው» አለ። «የደመረው ማን እንደሆነ ወረቀቱ አይልም። ወረቀቱ ያላለውን ደግሞ እኔ አልልም እትዬ።» የቀድሞውን ንድፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠራረገና ቀና አለ። «ችግሩ፣ ቀለም ቀቢው ትናንት ታሞ ቀርቷል፤ እስከ ሰኞ አይመጣም።»

«ብሩሹን አምጣው» አለችው።

ቅዳሜ አባቷን ማስነሳት ቀላል አልነበረም። ታሟል በያቸው አላልኩሽም ወይ አሉ። ጉልበታቸውን አማረሩ፣ ጉሙን አማረሩ። «የሚሉሽን ብትሰሚ ገበያ ባልወጣሽ ይባላል አባባ፤ ይልቅ ጫማዎትን ያድርጉ» አለቻቸው። ክራቫታቸውንም አሰረችላቸው።

ማደሪያው ግቢ ሰው ሞልቶታል። እሜቴ ጉሙ ውስጥ ጥቁር ተራራ መስላ ቆማለች፤ እሳት የላትም፣ ግን ጉሙ ከሥሯ እየተነሳ ስለሚያልፍ የምትተነፍስ ትመስላለች። ሽማግሌው ሲያዩዋት ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሰሌዳውን ላለማየት አንገታቸውን አዙረው በጎኗ ሊያልፉ ሲሉ ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛ ፊት ለፊቱ አቆመቻቸው።

«ያንብቡት።»

«ተዪኝ ልጄ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ አባባ።»

ጣታቸውን አነሱና ፊደሉን እየነኩ፣ ልክ እንደ ተማሪ፣ ማንበብ ጀመሩ።

እሜቴ
የጉተታ ልኳ በዳገቱ ላይ 650 ቶን
በአንድ ጉም ቀን 42 ባዶ ፉርጎ፣ በልክ ሲታሰብ 781 ቶን ይዛ
ግማሽ ዳገት ወጥታለች

ጣታቸው ሦስተኛው መስመር ላይ ደርሶ ቆመ። መዝገብ ያዡ ዓይናቸው የደከመ መስሎት ሊያነብላቸው ጉሮሮውን ጠረገ። ባለሚዛኗ በዓይኗ ከለከለችው። ጣቱ ያለው አራቷ ላይ ነበር።

«ጫማ አድርጋለች» አሉ፣ ለልጃቸው ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

«አዎ አባባ።»

ቀጥለው እስከ መጨረሻው አነበቡ፤ አንብበው ሲጨርሱ ወገባቸውን አቀኑና የነጂ ድምፃቸውን አወጡ። «ስህተት አለበት!» አሉ። «ግማሽ ዳገት ይላል። ከግማሽ ትንሽ አልፈን ነበር።»

«ወረቀት አለዎት?» አለ መዝገብ ያዡ፣ ሳያስበው ካፉ አምልጦት። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እሱም በሐፍረት ሳቀ።

ሽማግሌው አልሳቁም። ጣታቸው ወደ አራቷ ተመልሶ ነበር።

«እሷ ብትኖር ደምራ ትሰጥህ ነበር» አሉት።